ከዋሻው አፍ ላይ ያነሳሁት ቅርንጫፍ

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ከጎባ ወደ ሮቤ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ሥር የተጠቀጠቀ ማዳበሪያ ተቀደደና ግራጫ፣ እርጥብ አፈር በእግራችን ሥር ተዘረገፈ። ተሳፋሪው ጫማውን እያነሳ አጉረመረመ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አፍንጫውን ይዞ መስኮት ከፈተ፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ። ያን ሽታ ከሌላ ነገር ጋር አላምታታውም። የጨው፣ የአመድ፣ የከብት ትንፋሽና ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ድንጋይ ሽታ ነው። ሐረና ጫካ ውስጥ ከሪራ በታች ካለው ተራራ ዋሻ የሚወጣ፣ ከብት ሲያገኘው የሚያብድለት ጨዋማ አፈር ነው።

የአፈሩ ባለቤት ሻሿን ወደ ኋላ አስራ በመዳፏ እየዛቀች ወደ ማዳበሪያው ትመልሳለች። ጎንበስ ብዬ አብሬያት መዛቅ ጀመርኩና በኦሮምኛ ከወዴት እንደሆነች ጠየቅኋት። ከሪራ ነኝ አለችኝ። ሰው የአገሩን ሰው ሲያገኝ እንደሚያደርገው እኔም ቶሎ ስም ጠራሁ።

"አባ ከዲርን ታውቂያቸዋለሽ? እንዴት ናቸው?"

"አላህ ይርሐማቸው" አለች፣ እጇን ሳታቆም። "ካለፉ እኮ ዐሥራ አምስት ቀን ሆናቸው። አልሰማሽም?"

አልሰማሁም። ሮቤ ስንደርስ ወረድኩና የቤቴን በር አልፌ፣ መታጠፊያውንም አልፌ፣ አንዲት ጎረቤቴ "ሰዓዳ፣ ወዴት ነው?" እስክትለኝ ድረስ ዝም ብዬ ሄድኩ። እኔና አባ ከዲር የምናውቀው፣ ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነበረን። እሳቸው በዘጠኝ ዓመቴ ያጠፋሁትን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው መልካም ስማቸውን ስለ እኔ ሰጥተዋል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሪራ ወርጄ፣ ሰው ፊት ቆሜ ስማቸውን እመልስላቸዋለሁ እያልኩ ሠላሳ ስምንት ዓመት አሳልፌአለሁ። መጀመሪያ ልጅ ነኝ አልኩ፣ ቀጥሎ ተማሪ ነኝ አልኩ፣ ከዚያ አራስ ነኝ፣ ከዚያ ክረምት ነው፣ ከዚያ መንገዱ ተበላሽቷል። ሰበብ ስፈልግ አንድ ቀን አጥቼ አላውቅም።

አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ሜዳ በወጣሁ ቁጥር ስንሄድ ሦስቴ፣ ስንመለስ ሦስቴ እቆጥራቸዋለሁ፤ ባልደረቦቼ ይህን አመሌን እያነሱ ይስቁብኛል፣ አንዴም ራሴን ጭምር ቆጥሬ አንድ ልጅ በዛብኝ ብዬ አገር ምድሩን አስጨንቄ አውቃለሁ። አመሉ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም አልነገርኩም።

አባቴ ሮቤ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባና የሱፍ ክር ይሸጥ ነበር። የትምህርት ቤት የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ፣ ያው በጥር መጨረሻ ገደማ፣ ወደ ሪራ እህል የሚጭን መኪና ይፈልግና የሲናና ስንዴ በተጫነበት ላይ አስቀምጦ ወደ እህቱ ወደ አክስቴ ዘሀራ ይልከኛል። ጎባን አልፈን ሳነቴ አፋፍ ላይ ስንወጣ ሁለት ሹራብና የአባቴን ካፖርት ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን እዚህም እዚያም የቆመበት ያ ገላጣ ሜዳ ማለቂያ የሌለው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። መኪናው አፍንጫውን ቁልቁል ይደፋል፣ ነጂው ቢስሚላህ ይላል፣ ከሥራችን ደመና ይታያል፣ ደመናውን ሰንጥቀን ስንገባ ደግሞ ብርዱ ከላያችን ላይ ተገፎ ሞቅ ያለ እርጥበት ፊታችንን ይሸፍነዋል። ጫካው እዚያ ይጀምራል። ዛፉ ከግንዱ እስከ ጫፉ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ ዝናብ ባይኖርም ቅጠሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል፣ ጉሬዛዎች ከላይ ነጭ ካባቸውን እያውለበለቡ ይዘላሉ። እኔ ካፖርቴን አወልቃለሁ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላም ሪራ እደርሳለሁ።

ሐሊማ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ዕድሜያችን እኩል ነው። በባዶ እግሯ እሾህ ላይ የምትራመድ፣ የቀርከሃ ቡቃያ በጥርሷ የምትልጥ፣ የንብ ድምፅ ሰምታ ቀፎው የማን እንደሆነ የምትናገር ልጅ ነበረች። እኔን "የሱቅ ልጅ" ነበር የምትለኝ። ጉሬዛ ሲጮህ ስደነግጥ የሱቅ ልጅ፣ ጭቃ ላይ ስንሸራተት የሱቅ ልጅ፣ ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል ስል የሱቅ ልጅ። ክፋት አልነበረባትም። ማታ ብርድ ልብሱን የምትለቅልኝም እሷ ነበረች። ቢሆንም ቃሉ ይወጋኝ ነበር፣ ዕረፍቱ በመጣ ቁጥርም ዘንድሮ አይስቁብኝም እያልኩ ነበር የምወርደው።

ከመንደሩ በታች፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወርዶ፣ ዋሻ የበዛበት ተራራ አለ። ከሥሩ እስከ አናቱ ጫካ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ዋሻ ቀርቶ ድንጋይ ያለው አይመስልም። ሰዎቹ ግን ዋሻዎቹን እንደ ጎረቤት ቤት ያውቋቸዋል፦ ይህኛው የንብ ነው፣ ያኛው የጅብ ነው፣ ያ ከላይ ያለው ሰው በክፉ ቀን የተደበቀበት ነው። ከሁሉም ትልቁ የከብቶቹ ነው። ግድግዳው ጨዋማ አፈር ስለሆነ፣ በበጋ በወር አንድ ጊዜ የበርካታ ቤተሰብ ከብት በአንድነት ተነድቶ ይሄድና እዚያ ገብቶ ይልሳል። አክስቴ ስትናገር፣ ያንን ያላገኘች ላም ወተቷን ታጎድላለች፣ ጥጃዋም እንጨትና ጨርቅ ሲያኝክ ይውላል።

ሥራው ሥርዓት አለው። ከብቶቹ ከመግባታቸው በፊት ሰዎች ችቦ ይዘው ይገባሉ። ወንዶቹ አውሬ አለመኖሩን አይተው ግድግዳውን በመቆፈሪያ እየፋቁ አፈሩን ያራግፋሉ፣ ሴቶችና ልጆች ደግሞ እቤት ለቀሩት ጥጆች የሚሆነውን በማዳበሪያ እየሞሉ ያወጣሉ። በዚያ ሰዓት ከብቱ ከታች በገላጣው ሜዳ ላይ ተከልክሎ ቆሟል። ሽታው ደርሶታል፤ ይጮኻል፣ መሬት ይጎደፍራል፣ ይገፋፋል። ከተለቀቀ በኋላ የሚመልሰው ኃይል የለም። የዋሻው አፍ ደግሞ ሁለት በሬ ጎን ለጎን ቢገባ ሆዳቸው ድንጋይ የሚታከክበት ነው፣ ከዚያም ጠባቡ መተላለፊያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሄዳል። በዚያ መካከል የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ለእኔም ተነግሮኛል።

ስለዚህ ቅርንጫፍ አለ። ዋሻው አፍ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ የሚገባ ሰው ሁሉ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ይሰብርና ድንጋዩ ላይ ያኖራል፣ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የራሱን ያነሳል። ሰው አሥር ጊዜ ስለሚገባና ስለሚወጣ ራስ መቁጠር ያሳስታል፣ ድንጋዩ ላይ ቅርንጫፍ ካለ ግን ውስጥ ሰው አለ፣ ከሌለ የለም። ድንጋዩን የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። አባቱም አያቱም ይህን ሲጠብቁ የኖሩ፣ ቃሉ የሚታመን ሰው። አባ ከዲር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሩቅ በማየት የታወቀ ነበር፤ የጠፋ ከብት ያለበትን ከተራራ ማዶ ሆነው ይናገራሉ ይባላል። ድንጋዩ ባዶ ሲሆን ወደ ዋሻው ዞረው "ሁንዱ በሄ?" እያሉ ሦስት ጊዜ ይጠራሉ፣ ሁሉም ወጥቷል ወይ ማለታቸው ነው። ሦስቱም ጊዜ መልስ ከሌለ ዱላቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ እረኞቹም ከብቱን ይለቃሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ገና ሜዳው ላይ ሳለን ተሳቀብኝ። በአካባቢው ስመ ጥር የሆነ፣ ሁሉም የሚፈራው ጥቁር ኮርማ ነበር። እኔ ከኋላው መጥቼ፣ ሻኛውን ብቻ አይቼ፣ "ይህቺ ላም ስታምር፣ ስንት ወተት ትሰጣለች?" አልኩ። ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሐሊማ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች፣ አንዱ እረኛ ደግሞ ጣሳ አምጥቶ "በይ እለቢያት" አለኝ። አባ ከዲር ብቻ አልሳቁም፣ ወይም ስቀው ፊታቸውን ወደዚያ አዙረውልኛል። ያን ቀን ደግሜ አፌን ላልከፍት ለራሴ ማልኩ።

እኔና ሐሊማ ከአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ሰበርንና ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን አኑረን ገባን። መጀመሪያ ውርጭ የመሰለ አየር ነበር የተቀበለን፣ ቀጥሎ ያ ሽታ። ከብት ከትውልድ ትውልድ የላሰው ግድግዳ ልሙጥ ሆኖ የችቦው ብርሃን ይንሸራተትበታል። የሌሊት ወፎች ከላይ ይንጫጫሉ። መተላለፊያው ሲያልቅ ዋሻው ይሰፋና የሰው ድምፅ ወደ ራሱ እየተመለሰ ይመጣል። ማዳበሪያዬን በግማሽ ሞላሁ። ሐሊማ ግን ከኋላ ባለ ስርጉድ ውስጥ የሚገኘውን ዱቄት የመሰለ ነጩን አፈር ፈለገች፤ የእሷ የራሷ ጥጃ ነበረቻት፣ ለሌላው ከብት የሚሆነው ለእሷ ጥጃ አይበቃም።

"አንቺ ውጪ፣ እደርስብሻለሁ" አለችኝ። ወጣሁ።

አሁን ስለ ጫማ መናገር አለብኝ። ሮቤ የምማርበት ቁርአን ቤት በሩ አንድ ነው፣ ልጁ ስልሳ ነው፣ ደጁ ጭቃ ነው፣ ጫማችን ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮንጎ ጫማ። ስንለቀቅ ግርግር ነው፣ የዘገየ ሰው ሁለት የግራ እግር አድርጎ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ቀድማ የወጣች የጓደኛዋንም ጫማ አንስታ ዳር ላይ ይዛላት ትቆማለች። ይህን ያላደረገች ልጅ ጓደኛ አይደለችም። ማንም አላስተማረንም፣ እጃችን ራሱ የሚያውቀው ነገር ነበር። እና ከዋሻው ስወጣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው፣ ማዳበሪያው ትከሻዬን ጎተተው፣ የራሴን ቅርንጫፍ አነሳሁ፣ አጠገቡ የሐሊማን አየሁ፣ እሱንም አነሳሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ይዤ፣ አክስቴ ቁሚ ያለችኝ ትልቅ ዝግባ ሥር ሄጄ ቆምኩና ሐሊማ እስክትመጣ ቅጠሉን መቁጠር ጀመርኩ።

አባ ከዲር እኔ በወጣሁበት ሰዓት ፊታቸውን ወደ ሜዳው መልሰው ከብቱን ያያሉ። ከታች ጉም መነሳት ጀምሮ ነበር፣ ከብቱ ተረብሿል፣ እረኞቹ አልቻልንም እያሉ ይጮኻሉ። ሦስት ወንዶች ወጥተው ሦስት ቅርንጫፍ አነሱ። አንዲት ሴት ወጥታ አነሳች። ድንጋዩ ባዶ ሆነ። አባ ከዲር ጠጋ ብለው ድንጋዩን አዩት፣ በመዳፋቸውም ዳበሱት። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ዳበሱት።

"ሁንዱ በሄ?"

ሐሊማ ትመልሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ዋሻው ጥልቅ ነው፣ የሌሊት ወፉ ይንጫጫል፣ አልሰማችም።

"ሁንዱ በሄ?"

ያኔ ገባኝ። ከእጄ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ከእግሬ ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ። ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፣ ጠዋት የሳቁት ሁሉ አሉ፣ ጣሳ ያመጣው እረኛም አለ። የሱቅ ልጅ ደግሞ ምን አደረገች ሊባል ነው። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

"ሁንዱ በሄ?" አሉ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ትንሽም ጠበቁ፣ ከዚያ ዱላቸውን አነሱ።

መሬቱ መጀመሪያ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከብቱ ከጉሙ ውስጥ አንገቱን አስግጎ፣ ቀንድ ከቀንድ እየተጋጨ፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣው። የመጀመሪያዋ ላም ገባች። ሁለት ተከትለው ገቡ። እኔ አሁንም ዝም ብያለሁ። ስንት እንደቆየሁ ሰዓት የለኝም፣ ስድስት ወይ ሰባት ከብት እስኪገባ ድረስ ነው። ያን ያህል ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ የእኔ የማይመስል ድምፅ ከውስጤ ወጣ፦ "ሐሊማ ውስጥ ናት! ሐሊማ አልወጣችም!"

አክስቴ ወደቀች። ወንዶቹ ለአፍታ ተያዩ። አባ ከዲር ግን ማንንም አላዩም፤ ዱላቸውን አግድም ይዘው፣ በሚገባው ከብትና በድንጋዩ መካከል ሾልከው፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሙ። አፍንጫ አፍንጫውን እየመቱ፣ በስሙ እየጠሩ፣ እየለመኑ ገቱት። ሌሎቹም ችቦ እየለኮሱ ከጎን ደረሱላቸው። ከብቱ መመለስ ሲጀምር ያ ጥቁር ኮርማ ዞር ልበል ሲል በጎኑ አባ ከዲርን ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። የእግራቸውን አጥንት ድምፅ ሰማሁት፤ የደረቀ ቀርከሃ በጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ነው።

ሐሊማን በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወጧት። ስርጉዱ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ከብቱ በፊቷ አልፏል። ከራሷ ፀጉር እስከ እግሯ ጥፍር በነጭ አፈር ተሸፍናለች፣ አንድ ጭረት አልነካትም። መሬት ሲያስቀምጧት መጀመሪያ ያለችው "ማዳበሪያዬስ?" ነው። ሰዉ አልቅሶ ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው የእሷን ቅርንጫፍ ዝግባው ሥር የጣልኩት፤ በእግሬም ወደ ቅጠሉ ውስጥ ገፋሁት። ቀጥሎ ጥያቄው መጣ። ቅርንጫፍሽን አኑረሽ ነበር ወይ ሲሏት ሐሊማ አኑሬአለሁ አለች። ድንጋዩ ዙሪያ የከብት ኮቴ የረጋገጠው ጭቃና የተጨፈለቀ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። አባ ከዲር ሣሩ ላይ ተኝተው፣ ላባቸው እየወረደ፣ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ።

"ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉ። "ድንጋዩ ላይ ነበረ። ዓይኔ ነው ያላየው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው በሰዎቹ እግር መካከል አልፎ እኔ ላይ አረፈ፣ ቆየም። አወቁ አልኩ። አወቁና ሸፈኑኝ።

በቀርከሃ ቃሬዛ ሪራ፣ ከሪራ በመኪና ጎባ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከተሻላቸው በኋላም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። በሚቀጥለው በጋ ድንጋዩን ሌላ ሰው ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ቅርንጫፍ ማኖርን አላመነውም፣ ራስ መቁጠር ተጀመረ፣ በቆጠራው ተጣሉ፣ ውሎ አድሮም አንድ ላይ መሄዱ ቀረ። ይህን ሁሉ አክስቴ ሮቤ ስትመጣ ከአባቴ ጋር ስታወራ ነበር ከበር ኋላ ሆኜ የምሰማው። አንድ ቀን ሰዎች "አባ ከዲር ያላዩት" እያሉ እንደሚቀልዱ ስትናገር ሰማሁና ራት አልበላሁም።

ያም ሆኖ በየዓመቱ ማር መሰብሰቢያ ሲደርስ፣ ከሐረና በሚመጣ መኪና፣ በቆርቆሮ ጣሳ ተሞልቶ፣ በቅጠል ተከድኖ አንድ ማር ይመጣል፦ ከአባ ከዲር፣ ለሰዓዳ። አባቴ ይኮራል፣ ልጄን እንዴት ቢወዷት ነው ይላል። ትርጉሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ይቅር ብዬሻለሁ፣ አትጨነቂ እያሉኝ ነው። ያን ማር በልቼ አደግኩ። ለሐሊማ ሠርግ ሪራ ስወርድ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "ልጄ፣ እኔና አንቺ..." ብለው ጀመሩ፣ ሙሽራው ገባ፣ ሰው ተነሳ፣ ሳይጨርሱት ቀረ። እኔም ራሴው ጨረስኩላቸው። እኔና አንቺ እናውቃለን፣ ይብቃን፣ ሊሉኝ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የመናገሩ ነገር ብዙም አላስቸኮለኝም።

አባ ከዲር መሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሪራ ወረድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ጫካው ከመንገዱ ወዲያ ወዲህ ሸሽቷል፣ ጉሙ ግን በቦታው አለ። ሐሊማ መንገድ ላይ ጠብቃኝ አብረን ገባን። አዴ ሙሚና፣ የአባ ከዲር ባለቤት፣ ቤታቸው በር ላይ ቆዳ አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ተሳለምናቸው፣ ዱዓ አደረግን፣ አላህ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው አልን። ማን እንደሆንኩ ሐሊማ ስትነግራቸው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"የሮቤዋ ልጅ" አሉ። "የጮኸችው። አባ ከዲር ስምሽን ሳያነሱ ዓመት አይወጣም ነበር። ያቺ ልጅ ባትጮህ ኖሮ የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነበር፣ ከአላህ በታች ያወጣችኝ እሷ ናት ይሉ ነበር። ማሩ ይደርስሽ ነበር አይደል?"

ይደርሰኝ ነበር አልኳቸው።

"ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው የአንቺ ነበር።"

ሐሊማ ውኃ ልታመጣ ገባች። አዴ ሙሚና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ ቀስ እያሉ አወሩ። ያ ነገር ከአባ ከዲር እግር ይልቅ የጎዳው ዓይናቸውን ነው አሉ። አልታወሩም፣ እስከ መጨረሻው ሩቅ ያዩ ነበር፣ ግን ያዩትን ማመን ተዉ። ፍየሎቹን ቆጥረው ሲያበቁ ሚስታቸውን ጠርተው እንደገና ያስቆጥሯቸዋል። ለሽምግልና ሲጠሩ አልሄድም ይላሉ። ከዚያ በፊት ለረመዳን ጨረቃ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ሳነቴ አፋፍ ድረስ ወጥተው፣ ከሁሉ ቀድመው አይተው፣ ወርደው ይመሰክራሉ፣ አገሩ በእሳቸው ቃል ይጾማል።

"ከዚያ ወዲያስ?" አልኳቸው።

"ከዚያ ወዲያ እዚህ በር ላይ ሆነው ነው የሚያዩት። 'ሙሚና፣ ወጣች፣ ያቻት' ይሉኛል። ሂዱና ተናገሩ ስላቸው፣ 'የእኔ ዓይን ምስክር አይሆንም፣ ሌላ ሰው ይይ' ይላሉ። እኔም እንዳልናገር ያስምሉኛል። ሌላ ሰው እስኪያይ ዝም ብለን እንቀመጣለን። አንዳንድ ዓመት ማንም አላየም፣ አገሩ አንድ ቀን ዘግይቶ ጾመ። እሳቸው ግን በዚያች ቀን ብቻቸውን ይጾሙ ነበር።"

ሠላሳ ስምንት ዓመት ይቅር ያሉኝ ሰው ስለ እኔ ምንም አያውቁም ነበር። ሣሩ ላይ ሆነው ያዩኝ ሊያመሰግኑኝ ነው። ያን ቀን አፌን ከፍቼ ሁለት ቃል ብጨምር ኖሮ እሳቸው እግራቸውን ብቻ ነበር የሚያጡት።

ነገርኳቸው። ሐሊማ ጣሳ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፣ እሷም ሰማች። ስለ ጫማው፣ ስለ ዝግባው፣ በእግሬ ስለገፋሁት ቅርንጫፍ፣ ጥሪው ሦስቴ ሲሰማ ዝም ስለማለቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐሊማ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አዴ ሙሚና እጃቸውን ዘረጉልኝ። የሚገስጹኝ መስሎኝ ነበር፣ አንሺኝ ማለታቸው ነው። አነሳኋቸው።

"ለእኔ አይደለም የሚነገረው" አሉ። "ነይ።"

የቀትር ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነበር። አዴ ሙሚና ክንዴን እንደያዙ ደጁ ላይ ቆሙና ሽማግሌዎቹን በስማቸው ጠሯቸው። ከነዚያ መካከል ሁለቱ የዚያን ቀን ዋሻው አፍ ላይ የነበሩ ናቸው፤ አንደኛው ምናልባትም ጣሳ ያመጣልኝ ነው፣ አሁን ጢሙ ነጭ ነው። ሰው ፊት ቆሜ የማስተምር ሴት እንደዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል አነቀኝ። ግን ጨረስኩት። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልሳቀም። ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከልለው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"እንግዲያ የአባ ከዲር ዓይን ደህና ነበር ነው የምትይን?"

"ደህና ነበር" አልኩ። "ድንጋዩ ባዶ ነበር። ያዩት ልክ ነው።"

አዴ ሙሚና ክንዴን ጠበቅ አደረጉት።

"ድገሚው" አሉኝ።

ደገምኩት።